ከበረሃ ወደ ውርጭ፤ ከካርቱም ተነሥቶ ተራራ ለማየት

ተራራ በሌለበት ከተማ ስለ ተራራ መናገር ለአንዳንድ አንባቢዎቻችን እንግዳ ነገር መስሎ ሊታያቸው ይችላል። ካርቱም ከባሕር ጠለል በላይ 380 ሜትር ያህል ብቻ ከፍ ባለ ሜዳ ላይ የተቈረቈረች ከተማ ስለ ሆነች፣ ዐይን በአራቱም ማዕዘን ቢመለከት የሚያግደው ነገር አያገኝም። ከከተማው በስተደቡብ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ነጭ ዓባይ በ1937 በተፈጸመው ግድብ የሚታገድበት ስፍራ «ጀበል አውሊያ» ይባላል፤ ትርጓሜውም የወሊዮች ተራራ ማለት ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።) ነገር ግን ከጐንደር ወይም ከጎጃም የመጣ ሰው ይህን ጕብታ አይቶ ተራራ ብሎ ለመጥራት አንደበቱ እሺ አይለውም።

ይሁን እንጂ የካርቱም ሰው ተራራን ፈጽሞ አያውቅም ማለት አይደለም። ተራራው ራሱ በየዓመቱ ወደ እርሱ ሲመጣ ኖሯልና ነው። ሁለቱ ዓባዮች የሚገናኙበትን «ሞግረን» የተባለውን ስፍራ በሐምሌና በነሐሴ ያየ ሰው ይህን ይመሰክራል። ከደቡብ የሚመጣው ነጭ ዓባይ እንደ ልማዱ እየተጐተተ ሲወርድ፣ ከምሥራቅ የሚመጣው ጥቁር ዓባይ ቡና መስሎ፣ አፈርና ግንድ ተሸክሞ ይደርስና ወንድሙን ወደ ኋላ ገፍቶ ያቆመዋል። ይህ ቀለም የተራራው አፈር ቀለም ነው። አውሮፓውያን «ሰማያዊ» ብለው የተረጐሙት «አዝረቅ» የተባለው የዐረብኛ ቃል በሱዳን አነጋገር ጥቁር የሆነውንም ነገር የሚያጠቃልል ስለ ሆነ፣ በእኛ በኩል «ጥቁር ዓባይ» የሚለው ስም ለወንዙ ይበልጥ የሚገባው ይመስለናል። የኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታዎች በጥቁር ዓባይ፣ በአትባራና በሶባት በኩል ከናይል ውኃ ከመቶው 85 እጅ ያህሉን ይሰጣሉ። የታላቁ የሕዳሴ ግድብ በመስከረም 2025 ከተመረቀ ወዲህ ግን የውኃው ጊዜና መጠን፣ የአፈሩም ብዛት በግድቡ አሠራር ጭምር የሚወሰን ሆኗል። ስለዚህ የሞግረንን የክረምት መልክ አባቶች እንዳዩት ልጆች ያዩታል ብሎ መናገር አይቻልም።

በሁለቱ ወንዞች መገናኛ ላይ ያለችው የቱቲ ደሴት በአትክልትና በሎሚ ተክል የታወቀች ናት። ይህችን ደሴት ያለመለመው ደለል ከየት እንደ መጣ ለጠየቀ ሰው መልሱ አጭር ነው፤ ከጎጃም ማሳ ነው። አንዱ ገበሬ ያጣውን ሌላው አትክልተኛ አገኘው። የጎጃሙ ሰው የቱቲን ሎሚ፣ የቱቲውም ሰው የጎጃምን ገደል ሳያዩ ሁለቱም በአንድ አፈር ይኖራሉ።

እንግዲህ የዚህ ሳምንት አሳባችን ይህ ነው። ከካርቱም ተነሥቶ የኢትዮጵያን ተራሮች ለማየት የሚፈልግ መንገደኛ፣ በአውሮፕላን ዘልሎ በተራራው ራስ ላይ ከሚወርድ ይልቅ፣ ሰላም በሆነ ጊዜ በምድር መንገድ ከሜዳው እየተነሣ ደረጃ በደረጃ ቢወጣ እጅግ ይሻለዋል። ደግሞም ከመነሣቱ በፊት ጥቂት የአማርኛ ቃላት ቢይዝ፣ ዐይኑ ያየውን ልቡ ያስተውለዋል። ተራራ በሜትር ብቻ የሚለካ ነገር አይደለምና።

«ሰላም በሆነ ጊዜ» ያልነው ለአፍ ማሳመሪያ አይደለም። ሚያዝያ 15 ቀን 2023 በካርቱም የተጀመረው ጦርነት ከተማይቱን አፍርሷታል፤ ሠራዊቱ ከተማውን መልሶ እስከ ያዘበት እስከ መጋቢት 2025 ድረስ ሕዝቧ ተበትኖ ነበር። በሞግረን አጠገብ የነበረውና በ1971 የተከፈተው የሱዳን ብሔራዊ ሙዚየም ተዘረፈ። በዚህ ሙዚየም አትክልት ቦታ፣ የአስዋን ግድብ ውኃ እንዳያሰጥማቸው ከቡሄንና ከሰምና በድንጋይ በድንጋይ ተፈትተው የመጡ ቤተ መቅደሶች ቆመውበት ነበር፤ ከውኃ የተረፈው ቅርስ በሰው እጅ ጉዳት ደረሰበት። በእነዚያ ወራት ከካርቱም ተነሥተው በገላባት በኩል መተማን የተሻገሩት ሰዎች አገር ጐብኚዎች አልነበሩም፤ ልጆቻቸውን ታቅፈው የሚሸሹ ነበሩ እንጂ። ከእነርሱም መካከል በካርቱም በዴምና በጅረይፍ ሰፈሮች ብዙ ዘመን የኖሩ ኢትዮጵያውያን ይገኙ ነበር። በመተማ በኩል ያለው የአማራ ክልልም ከ2023 ዓመት አጋማሽ በኋላ ውጊያ ገብቶበታል። ስለዚህ ከዚህ በታች የምንጽፈውን መንገድ ለመሄድ የሚያስብ ሁሉ አስቀድሞ የመንገዱን ሁኔታ ከሁለቱም መንግሥታት ሹማምንት መጠየቅ ይገባዋል። ታዲያ ስለ ምን ዛሬ እንጽፋለን? መንገዱ ሲዘጋ የመንገዱ ዕውቀት አብሮ እንዳይዘጋ ነው።

አማርኛን በመማር ላይ ላሉት አንባቢዎቻችን አስቀድመን ዐምስት ቃላት እንስጥ። የኢትዮጵያ ሰው አገሩን የሚከፍለው በሰሜንና በደቡብ ሳይሆን በከፍታ ነው። ከሁሉ በታች ያለው፣ ከ500 ሜትር በታች የሆነው ደረቅ ምድር «በረሃ» ይባላል፤ ካርቱም በዚህ ሚዛን ብትመዘን በረሃ ውስጥ ትወድቃለች፤ የካርቱም ሰዎች በዚህ እንደማይቀየሙን ተስፋ እናደርጋለን። ከዚያ በላይ እስከ 1,500 ሜትር ያለው «ቆላ» ነው፤ ማሽላና ሰሊጥ ይበቅልበታል፤ ወባም አይጠፋበትም። ከዚያ እስከ 2,300 ሜትር ያህል «ወይና ደጋ» ነው፤ የጤፍ አገር ነው፤ አየሩም ለሰው እጅግ የተስማማ ነው። ቀጥሎ እስከ 3,200 ሜትር ያህል «ደጋ» ይመጣል፤ ገብስ፣ ስንዴና ባቄላ ይዘራበታል። ከዚያ በላይ «ውርጭ» ነው፤ ሌሊት ውኃ ይረጋል፤ ሣርና ጥቂት ገብስ እንጂ ሌላ አይገኝበትም። ወሰኖቹ እንደ መጽሐፉ ይለያያሉ፤ ገበሬው ግን ሜትር ሳይዝ፣ እህሉንና ብርዱን አይቶ የት እንዳለ ያውቃል።

ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር ሙቀቱ 6 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። በካርቱም ግንቦት ውስጥ ቀትሩ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ፣ በዚያው ቀን በስሜን ራስ ላይ እረኛ ካባውን ተከናንቦ እሳት ይሞቃል። በአንድ መንገድ ላይ እንዲህ ያለ የአየር ልዩነት የሚገኝበት አገር ብዙ አይደለም።

አሁን ወደ መንገዱ እንመለስ። ከካርቱም በዋድ መደኒ አድርጎ እስከ ገዳሪፍ ያለው 400 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ሜዳ ነው። ገዳሪፍ የማሽላና የሰሊጥ አገር ነው፤ በመከር ጊዜ ከኢትዮጵያ ደጋ የሚወርዱ የቀን ሠራተኞች ለብዙ ዘመን ሲሠሩበት የኖሩ ስፍራ ነው። ከገዳሪፍ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ሲሄዱ ኰረብታዎች አንድ ሁለት እያሉ ይነሣሉ፤ የዛፉም ብዛት ይጨምራል። የሱዳኑ ገላባትና የኢትዮጵያው መተማ በአንዲት ትንሽ ጅረት ብቻ ተለያይተው ፊት ለፊት ይተያያሉ። ገላባትና መተማ ብሎ ሁለት ስም ያወጣላቸው ወሰኑ ነው እንጂ ገበያው አንድ ነበር።

እዚህ ላይ መንገደኛው ጥቂት ቆም ቢል ይገባዋል። በመጋቢት 1889 ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ከመሐዲስቶች ጋራ ሲዋጉ በዚህ ስፍራ ቈሰሉ፤ ሞቱም። የመሐዲስቶቹ አዝማች ዘኪ ተማል ነበር። ከዚያ አንድ ዓመት አስቀድሞ አቡ አንጃ እስከ ጐንደር ዘልቆ አብያተ ክርስቲያናቱን አቃጥሎ ነበር። ወደ ኋላ ርቀን ብንሄድ ደግሞ በ4ኛው መቶ ዓመት የአክሱም ንጉሥ ኢዛና ኖባንና ካሱን ወግቶ እስከ ተከዜና እስከ ሴዳ ወንዞች መገናኛ መድረሱን በድንጋይ አስቀርጾ ትቶልናል። እንዲህ ያለውን ነገር ከእንግዳ መደበቅ አስፈላጊ አይመስለንም። ሁለት ጎረቤቶች ታሪካቸውን ሲያውቁ ነው ቡና አብረው የሚጠጡት፤ ቡናውም የሚፈላበት ዕቃ በሁለቱም አገር አንድ ስም ያለው «ጀበና» ነው። ልዩነቱ ሱዳኖች ዝንጅብል ይጨምሩበታል።

የሜዳና የተራራ ነገር በጦርነትም ታይቷል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1940 ከስደት ተመልሰው ካርቱም ከቈዩ በኋላ፣ ጥር 20 ቀን 1941 በኦሜድላ በኩል ወደ አገራቸው ገቡ፤ ወደ ጎጃምም አቀኑ። ጓዙን የተሸከሙት ከሱዳን የመጡ በብዙ ሺህ የሚቈጠሩ ግመሎች ነበሩ። ነገር ግን ግመል የአሸዋ ፍጥረት ስለ ሆነ፣ ድንጋያማውን አቀበትና የደጋውን ብርድ መቋቋም አቅቶት አብዛኛው በመንገድ አለቀ። ከደጋው ጫፍ በኋላ ጭነት የበቅሎ ሥራ ሆነ። እስከ ዛሬም ከቆላ ወደ ደጋ የሚወጣ ነጋዴ ጭነቱን የሚለዋውጥበት ስፍራ አለ፤ ይህንን ያስተዋለ ሰው የተራራውን ወሰን ያለ ካርታ ያገኘዋል።

ከመተማ እስከ ጐንደር ያለው መንገድ ወደ 200 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። በዚህ ርቀት ውስጥ መንገደኛው ከ700 ሜትር ተነሥቶ ከ2,000 ሜትር በላይ ይወጣል። በመጀመሪያ የሰሊጥና የጥጥ እርሻ፣ የዕጣን ዛፍና የቀርከሃ ጫካ ያያል። ሸኸዲን (ገንዳ ውኃን) አልፎ ሲወጣ መንገዱ መጠማዘዝ ይጀምራል። ከአይከል በደረሰ ጊዜ ነፋሱ ይለወጣል፤ የጤፍ ማሳ ይታያል፤ ሰዎቹ ጋቢ ለብሰዋል። በዚህ ቦታ አውቶቡሱ ለምሳ ቢቆም፣ ሁሉን ትተው ወደ ምዕራብ ዞረው እንዲመለከቱ እንመክራለን። በጭጋግ ውስጥ ተዘርግቶ የሚታየው ያ ሁሉ ሜዳ ወደ ሱዳን የሚወርደው አገር ነው። ብዙ የጕብኝት መጻሕፍት ተራራን ከታች ወደ ላይ እንድናይ ያስተምሩናል፤ ለሜዳ ሰው ግን የገዛ አገሩን ከላይ ሆኖ ማየት ከሁሉ የሚበልጥ ትርኢት ነው።

ስለ አኗኗር ጥቂት እንጨምር፤ በተለይ ቤተሰብ ይዞ ለሚሄድ። ለልጆች ወፍራም ሹራብ ይያዝ። ከፍታውን ያልለመደ ሰው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ትንፋሽ ቢያጥረው፣ ራሱንም ቢያመው አይደንግጥ፤ ቀስ ብሎ ይራመድ፤ ውኃም ያብዛ። ሕመሙ ከበረታ ግን ወደ ዝቅተኛ ቦታ መውረድ ነው እንጂ እልክ መጋባት አይገባም። ስለ ምግብ የሱዳን ቤተሰቦች እንዲያውቁት የሚገባ ነገር አለ፤ በኢትዮጵያ ክርስቲያኑም እስላሙም የሚበላው የየራሱን ወገን ዕርድ ነው፤ ስለዚህ «ሥጋው የማን ነው?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ባለቤቱም አይቀየምም። ረቡዕና ዓርብ ጾም ስለ ሆነ ሽሮና ምስር በየቤቱ ይገኛል፤ ይህ ማንንም የማያስቸግር ማዕድ ነው።

በአነጋገር በኩል፣ አማርኛን የሚማሩ ሹማምንት ብዙ ጊዜ የሚሰናከሉበት «አንተ» እና «እርስዎ» በሚሉት ቃላት ነው። ለማያውቁት ሰው፣ እረኛም ቢሆን ዕድሜው ከገፋ፣ «እርስዎ» ማለት ይገባል። ሽማግሌውን «አባቴ»፣ አሮጊቷን «እናቴ» ያለ እንግዳ በየትኛውም ደጃፍ ውኃ አይከለከልም። ትልቅ ሰው ወደ ተቀመጡበት ቤት ሲገባ ሰዎች ሁሉ ብድግ ይሉና «ኖር!» ይላሉ፤ እርሱም «በእግዜር!» ብሎ ያስቀምጣቸዋል። ይህቺን አንዲት ቃል በጊዜዋ የተናገረ ሹም፣ አሥር ገጽ ሰዋስው ከሸመደደው ይልቅ አማርኛ ያውቃል ይባልለታል።

ጐንደር ደረስን። ከተማይቱን ዐፄ ፋሲል በ1636 ገደማ መናገሻ አደረጓት። በ900 ሜትር ርዝመት ግንብ የታጠረው የፋሲል ግቢ በ1979 በዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል። ስለ ግንቦቹ ብዙ ስለ ተጻፈ እዚህ አንደግመውም፤ አንድ ነገር ብቻ እናስታውሳለን። እነዚህ ነገሥታት ከተማቸውን የሠሩት በወይና ደጋው ላይ፣ ከሰናር የሚመጣው የነጋዴ መንገድ ደጋውን በሚነካበት አቅራቢያ ነው። ሱዳን ለጐንደር የጓሮ በር ሳይሆን አንዱ ዋና በር ነበር። የደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ በረድፍ ተሥለው ወደ ታች የሚመለከቱትን የመላእክት ፊቶች ሳያይ ከጐንደር የሚወጣ ሰው ግን መንገዱን ሁሉ በከንቱ ደክሟል እንላለን። ይህ ቤተ ክርስቲያን በ1888 ከነበረው ቃጠሎ የተረፈው ንቦች ወጥተው ወራሪውን ስለ አባረሩት ነው ብለው የአገሩ ሰዎች ይናገራሉ።

ከጐንደር በስተደቡብ ምሥራቅ ባሉት ተራሮች መካከል «ወህኒ» የሚባል አምባ አለ። «አምባ» ማለት ዙሪያው ገደል፣ አናቱ ሜዳ የሆነ ተራራ ነው፤ ሌሎች ቋንቋዎች ይህንን ቃል ከአማርኛ ተበድረዋል። በጐንደር ዘመን ለዙፋን የሚያሠጉ የንጉሥ ልጆች በዚህ አምባ ላይ ይጠበቁ ነበር። ዛሬ እስር ቤትን «ወህኒ ቤት» የምንለው ከዚህ የመጣ ነው ብለው ብዙዎች ይተርካሉ። የእንግሊዙ ደራሲ ሳሙኤል ጆንሰን በ1759 ያሳተመው «ራሴላስ» የተባለው ልብ ወለድ መነሻው በተራራ ላይ የሚዘጉት የኢትዮጵያ ልዑላን ወሬ ነው፤ ነገር ግን ደራሲው አገሩን ረግጦ አያውቅም ነበር። ተራራ እንግዳን ያስደስታል፤ ለዚያ ልዑል ግን ያ ውብ ትርኢት ሁሉ አጥር ነበር።

ከጐንደር በስተሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሄዱ ደባርቅ ይገኛል። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ መግቢያው ይህ ነው። ፓርኩ በ1969 ተቋቋመ፤ በ1978 ከዓለም የመጀመሪያዎቹ ቅርሶች ጋራ ተመዘገበ። መንገደኛው በደባርቅ መሪና ጠመንጃ የያዘ ጠባቂ ይሰጠዋል፤ ከዚያ በሳንቃ በር፣ በግጭና በጭነቅ ሰፈሮች እያደረ ሊሄድ ይችላል። ራስ ዳሸን ከ4,500 ሜትር በላይ ሆኖ ከኢትዮጵያ ተራሮች ሁሉ ይበልጣል፤ ነገር ግን እኛ ተራራውን ከመውጣት ይልቅ በገደሉ አፋፍ መቀመጥን እንመርጣለን። በአፋፉ ላይ በመቶ የሚቈጠር የጭላዳ መንጋ ሣር እየነጨ ይቀመጣል። ጭላዳ ከሌላው ዝንጀሮ የሚለየው ኑሮው በሣር ስለ ሆነ ነው፤ በደረቱ ላይ ያለው ቀይ ምልክት ከሩቅ ያበራል፤ ሲመሽ ሁሉም ወደ ገደሉ ወርዶ በድንጋይ ጠርዝ ላይ ያድራል። ዋልያ ደግሞ ከስሜን በቀር በዱር በዓለም ላይ የትም አይገኝም፤ ቍጥሩም ጥቂት ነው። ጅብራ የሚባለው ተክል ብቻውን እንደ ምሰሶ ቆሞ ሲታይ፣ ሰው መስሎት ሰላምታ ያቀረበለት መንገደኛ መኖሩን ሰምተናል።

በግጭ ሜዳ ላይ የቆመ ሰው ጸጥ ያለ የጓሳ ሣር ያያል፤ ደስም ይለዋል። ግን ይህ ጸጥታ ከጥንት የነበረ አይደለም። የግጭ መንደር ሰዎች፣ ከ400 የሚበልጡ አባወራዎች፣ በዚያ ገብስ ሲያርሱና ከብት ሲያግዱ ኖረዋል። ግጦሹና እርሻው ዋልያውን ስለ አስጨነቀው፣ ፓርኩ በ1996 አደጋ ካለባቸው ቅርሶች መዝገብ ገባ። ከብዙ ክርክር በኋላ በ2016 የመንደሩ ሰዎች ወደ ደባርቅ ተዛወሩ፤ በሚቀጥለው ዓመት ፓርኩ ከአደጋ መዝገብ ተሰረዘ። የአራዊቱ መትረፍ መልካም ነገር ነው፤ ነገር ግን የአንዱ ደስታ የሌላው ስደት መሆኑን ጐብኚው ሳያውቅ መመለስ የለበትም። በደባርቅ ከተማ ቡና ሲጠጣ አጠገቡ የተቀመጡት ሽማግሌ ምናልባት በዚያ ሣር ላይ የተወለዱ ይሆናሉ። ይጠይቃቸው፤ በ«እርስዎ» ይጠይቃቸው።

ስለ ውኃውም አንድ ስሕተት እናርም። ከካርቱም የመጣ ሰው የስሜንን ፏፏቴ አይቶ «ይህ ውኃ እኛ ዘንድ ይመጣል» ሊል ይችላል። አይመጣም። በስሜን ላይ የዘነበው ዝናብ በተከዜ ወርዶ፣ ሱዳን ሲገባ ሰቲት ተብሎ፣ ከአትባራ ወንዝ ጋራ ተቀላቅሎ፣ ከካርቱም በስተሰሜን በአትባራ ከተማ ናይልን ያገኛል፤ ካርቱምን ፈጽሞ አያያትም። በጐንደር ከተማ ላይ የዘነበው ግን በመገጭ ወንዝ ወደ ጣና ይገባና በዓባይ ዞሮ ሞግረን ይደርሳል። ከደባርቅ ወደ ጐንደር በሚደረገው የጥቂት ሰዓት ጉዞ መንገደኛው የውኃ መለያውን ያቋርጣል፤ ይህንንም የሚያመለክት አንድ ሰሌዳ ቢተከል መልካም ነበር።

የጣና ሐይቅ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ላይ ይገኛል። ዓባይ ከዚህ ተነሥቶ ጎጃምን ዞሮ ካርቱም እስኪደርስ ድረስ 1,400 ሜትር ያህል ይወርዳል ማለት ነው። በሐይቁ ላይ ከደንገል በተሠራ ታንኳ የሚቀዝፉ ሰዎች ይታያሉ። ገዳማቱን ለማየት ለሚሄዱ ቤተሰቦች፦ ወደ ክብራን ገብርኤል ሴቶች አይገቡም፤ በዘጌ ያለችው ዑራ ኪዳነ ምሕረት ግን ለሁሉ ክፍት ናት፤ የግድግዳዋም ሥዕል እጅግ ያማረ ነው። አባት ወደ አንዱ፣ እናት ወደ ሌላው ተለያይተው ከሚሄዱ ሁሉም ወደ ዑራ ቢሄዱ ይሻላል።

ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወርዶ ጢስ ዓባይ አለ። ፏፏቴው 45 ሜትር ያህል ወደ ታች ይወረወራል፤ በሞላ ጊዜ የሚተነው ጭጋግ ጢስ ስለሚመስል ስሙን ከዚያ አገኘ። ነገር ግን ጐብኚው ሳያዝን አስቀድሞ ይወቀው፤ በ1964 እና በ2001 ለመብራት ኃይል ሁለት ጣቢያዎች ከፏፏቴው ላይ ውኃ ወስደዋል፤ በ2010 ደግሞ የጣና በለስ ጣቢያ ከሐይቁ ውኃ በዋሻ ወደ በለስ ማውረድ ጀመረ። ስለዚህ በበጋ የሄደ ሰው በሥዕል ያየውን መጋረጃ ሳይሆን ጥቂት ክሮችን ሊያገኝ ይችላል። በዚህ የሚቈጡ እንግዶች አሉ። እኛ ግን የአገሩ ልጅ በመብራት ማጥናቱን ከእንግዳው ፎቶግራፍ አሳንሰን አንመለከተውም። ሙሉውን ለማየት የሚፈልግ በመስከረምና በጥቅምት ይሂድ፤ ያን ጊዜ አደይ አበባም አለ፤ ጭቃውም መድረቅ ጀምሯል። ወደ ፏፏቴው በሚወስደው የእግር መንገድ ላይ በ17ኛው መቶ ዓመት የተሠራው የድንጋይ ድልድይ ሳይታይ አይታለፍ።

ጊዜ የተረፈው ሰው ወደ ሰከላ ወጥቶ ግሽ ዓባይን ሊያይ ይችላል። ፔድሮ ፓኤዝ በ1618፣ ጄምስ ብሩስም በ1770 ከዚህች ምንጭ ደርሰዋል፤ ብሩስ በ1772 በሰናር በኩል ሲመለስ፣ ካርቱም ገና ሳትቈረቈር፣ የሁለቱን ወንዞች መገናኛ ዐይቷል። ምንጯ ትንሽ ናት። ለአገሩ ሰው ግን ጠበል ስለ ሆነች፣ ከአፉ ምግብ የቀመሰ ሰው በዚያ ቀን ወደ እርሷ አይቀርብም። ስለዚህ ከባሕር ዳር በጠዋት የሚነሣ ቤተሰብ ልጆቹን ቀደም ብሎ ይንገራቸው፤ ስንቁንም ለመመለሻ ያቈየው።